ሃያ ሦስቱ ሰዓት የት ገባ?

ይድረስ ለኮሪያ ሪፐብሊክ የጤናና የማኅበራዊ ደህንነት ሚኒስቴር
ሴጆንግ

ጉዳዩ፦ እናቷን የምታስታምም ልጅ በቀን 60 ደቂቃ ብቻ ሠራተኛ ስለምትባልበት ደንብ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው እልህ ይዞኝ አይደለም። ኮሪያኛዬ ገበያ ለመውጣት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ለመያዝና ከጎረቤት ጋር ለመሳቅ ይበቃኛል፤ አቤት ለማለት ግን አልደረሰልኝም። ሰው አቤቱታ የሚያምርለት አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። የሚተረጉምልኝ ሰው አግኝቻለሁ። አማርኛውን ደግሞ እዚህም አገር ቤትም ላለው አንባቢ እተወዋለሁ፤ ነገሩ እኛንም ሳይነካ አይቀርም። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በእናንተ አቆጣጠር ነው።

የምኖረው ቹንቾን ነው። ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ላይኛውን ክፍል ተከራይቼ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ታች እናትና ልጅ ይኖራሉ። እናትየው 85 ዓመታቸው ነው፤ "ሃልሞኒ" እላቸዋለሁ፣ አያቴ ማለት ነው። ልጅየዋ 58 ሆኗታል፤ እሷን "ኦኒ" እላታለሁ፣ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ፈቃድ ስጠይቃት ኦኒ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ "ስሜን ካላወጣሽ ያሻሽን ጻፊ፤ ማን ሊያነበው!" ነው ያለችኝ።

ሃልሞኒ የተወለዱት ከዚህ ብዙ በማይርቀው በህዋቾን ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ሕፃን ነበሩ፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ቡሳን ወርዶ ወደዚህ ተራራ ሲወጣ የ10 ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው። ቹንቾን ውስጥ በጎንግጂቾን ወንዝ አጠገብ ጣሪያው እንደ ጎጆ የሾለ የዘማቾቻችን መታሰቢያ አለ፤ አጠገቡም የቆየ ቡና ቤት አለ። ሃልሞኒ ታዲያ እኔን ገና እንዳዩኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ "ኢዲዮፒያ! ለጦርነቱ መጣሽ? አልቋል እኮ። ግቢ፣ እህል ቅመሺ።" መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በቀን ሦስቴም አራቴም ጦርነቱ ማለቁን ሲያበስሩኝ ገባኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ታች ወርጄ ነበር። የኦኒ የእጅ አንጓ አብጦ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ስለዚህ እኔ "ጁክ" የሚሉትን ቀጭን የሩዝ ገንፎ አማስላለሁ። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእናቷን እግር ቅባት ትቀባለች። የኮሪያ ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ስለሆነ በክረምት ሰው ሁሉ ኑሮው መሬት ላይ ነው። ሃልሞኒ ልጃቸውን ቁልቁል ትኩር ብለው አዩዋትና፦

"አጁማ፣ ደሞዝሽ ስንት ነው?" አሏት።

አጁማ የማያውቋትን ሴት ወይዘሮ ብሎ መጥራት ነው። ኦኒ እጇን አላቆመችም።

"ትንሽ ናት።"

"ልጄ ሴኡል ነው ያለው። ሲመጣ ይጨምርልሻል። ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ።"

ኦኒ ተነሳች፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ እንደ ሠራተኛ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ገንፎው ሥሩ ያዘብኝ።

ክቡራን፣ የሃልሞኒ ጥያቄ ለልጃቸው የቀረበ አይምሰላችሁ። ደሞዟን የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ።

ለአገሬ ሰው ባጭሩ ላስረዳ፤ እናንተ ታገሱኝ። ኮሪያ ከጁላይ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የአረጋውያን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን አላት። መዋጮው ከጤና መድኑ ጋር አብሮ ይቆረጣል። ዕድሜው 65 የሞላ፣ ወይም ሳይሞላም በመርሳት በሽታ፣ በስትሮክና በመሳሰሉት የተያዘ ሰው ያመለክታል፤ ቤቱ ድረስ መጥተው ይመዝኑታል፤ ከ1 እስከ 5 ያለውን ደረጃ ይሰጡታል፣ 1 የባሰው ነው። ቤቱ ሆኖ ከተረዳ ከወጪው 15 በመቶ፣ ተቋም ከገባ 20 በመቶ ራሱ ይከፍላል፤ ሌላውን መድኑ ይሸፍናል። ቤት ለቤት የሚያስታምመው ባለ ወረቀት ሠራተኛ "ዮያንግቦሆሳ" ይባላል። እውነቱን ለመናገር ይህን መጀመሪያ ስሰማ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። መንግሥት ለሰው እናት ገላ አጣቢ ይልካል!

ደንቡ ደግሞ ልጅም ወረቀቱን ካገኘች የገዛ እናቷን አስታማ እንዲከፈላት ይፈቅዳል። ኦኒ 240 ሰዓት ተማረች (አሁን 320 አድርጋችሁታል)፣ ተፈተነች፣ አለፈች፣ በአንድ የእንክብካቤ ማዕከል ስም ተመዘገበች። በር አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትንሽ ነገር አለ፤ ስልኳን ስታስጠጋው ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በ60ኛው ደቂቃ መልሳ ታስጠጋዋለች፣ ይዘጋል። አንድ ጊዜ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ የሃልሞኒን ዳይፐር እየቀየረች ሳለ ሰዓቱ ሞላ። ኦኒ እጇን በፎጣ ጠርጋ ሄደች፣ ስልኳን አስጠጋች፣ ጢጥ አለ፣ ተመልሳ ያንኑ ዳይፐር ጨረሰች። ግማሹ ሥራ ነው፣ ግማሹ "ህዮ" ነው። ህዮ ማለት ልጅ ለወላጅ ያለበት ግዴታ፣ እኛ የወላጅ ውለታ መመለስ የምንለው ነው።

በቀን 60 ደቂቃ፣ በወር 20 ቀን። በቀሩት 10 ቀናት ሃልሞኒ ይድናሉ ተብሎ እንደሁ እንጃ።

የማላውቃት ሴት ይህንኑ ወረቀት ይዛ፣ ያንኑ ዳይፐር ልትቀይር ብትመጣ ግን በሃልሞኒ ደረጃ በቀን እስከ 3 ሰዓት ይከፈላታል። ልዩነቱ የሥራው አይደለም። ልዩነቱ የማህፀን ነው፤ የወለድኩሽ ስለሆንሽ ሁለቱን ሰዓት ማሪኝ ነው ነገሩ። አንድ በር ክፍት አለ፣ እሱንም አውቀዋለሁ፦ የመርሳት በሽታው ጠብ የሚያስጭር፣ ሰውን ሌባ የሚያስብል ዓይነት ከሆነና ሐኪም ይህንኑ ከጻፈ 60ው 90 ይሆናል። ኦኒ 30 ደቂቃ እንድታገኝ እናቷ ሊመቷት ይገባል ማለት ነው። ሃልሞኒ ደግሞ ጨዋ ናቸው። ልጃቸውን ረስተው እንኳ ደሞዝ ይጨመርላት ይላሉ።

ለምን እንዲህ እንዳጠበባችሁት አይጠፋኝም። በ2011 ነው ያጠበባችሁት። ሳያስታምሙ ሰዓት እያስመዘገቡ ገንዘብ የሚወስዱ ቤተሰቦች እንዳሉ ይወራል፤ ሌባ በሌለበት አገር አልኖርኩምና አልከራከርም። ልጅ ሳይከፈላትም የምታደርገውን ለምን እንክፈል የሚል ሒሳብም አለ፤ እሱ የባለ ገንዘብ ሒሳብ ነው። ከሁሉም ጠንከር ያለው ሦስተኛው ነው፦ ለልጅ ደህና ገንዘብ ከተከፈለ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ቤት ይቀራሉ፣ ስለዚህ ባለሙያ ብንልክላቸው ይሻላል የሚለው። ይህን አሰብኩበት። እኔም ሴት ነኝ፣ ቤት መቅረት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ኦኒ ሥራዋን ስትለቅ ከእናንተ አንድ ዎን አልተቀበለችም። ሴኡል አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። እናቷ ምድጃ ለኩሰው ረስተው ሲወጡ፣ ጎረቤት ሲደውልላት፣ በ49 ዓመቷ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። የቀረችው ቀድሞ ነው፤ የቀረው ጥያቄ በነፃ ትቅር ወይስ አትቅር የሚል ብቻ ነው።

ባለሙያውም ተሞክሯል። ደግና ሥራ የምታውቅ ሴት መጥታ ነበር፤ ሃልሞኒ ልብሴን አላወልቅም ብለው መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆለፉባት። ሰዎች በጨዋታ "ኖቺዎን" የሚሉት፣ የሽማግሌ መዋዕለ ሕፃናት እንደማለት፣ ጠዋት ቫን መጥቶ ወስዶ ማታ የሚመልስበት የቀን ማዕከልም ተሞክሯል። ሁለት ወር ሄዱ። ከዚያ የቫኑን ድምፅ ሲሰሙ ጫማቸውን መደበቅ ጀመሩ። አንዱን እግር ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው ያገኘነው። "ዮያንግዎን" የሚባሉት መኖሪያ ተቋማት መጥፎ ናቸው አልልም፤ ጥሩ የሆኑ አሉ፣ ሰው ሲጨንቀው ወላጁን እዚያ ቢያስገባ የሚፈርድ ቢኖር እኔ አይደለሁም። ሰፈሩ ግን ይፈርዳል። "ኮርዮጃንግ" የሚል ቃል አላችሁ፤ በድሮ ዘመን ያረጀ ወላጅ ተራራ ላይ ተጥሎ ይቀር ነበር የሚል ተረት ነው። የታሪክ ሰዎች እንዲህ ያለ ልማድ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም ይላሉ። ቃሉ ግን በየሳሎኑ አለ፤ እናቷን ተቋም ያስገባች ሴት ጀርባዋን ስትሰጥ ይወረወርባታል። ወንዱ ላይ ሲወረወር አልሰማሁም።

ወንዱን ካነሳሁ አይቀር ልቀጥል። ሃልሞኒ ሦስት ልጆች ወልደዋል፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። ትልቋ ሴት ሞታለች። ኦኒ ስትወለድ አማታቸው ሊያዩዋት አልገቡም ይባላል። የዚያን ዘመን ሴት ልጆች ስም እኮ ራሱ ይናገራል፦ "ማልጃ" የምትባል አለች፣ የመጨረሻዋ ሴት ትሁን ማለት ነው፤ "ሁናም" የምትባል አለች፣ ከኋላዋ ወንድ ይከተል ማለት ነው። ሴት ልጅ ራሷ ሰው ሳትሆን የሚቀጥለው ልጅ ማስታወቂያ ነበረች። በ1990 እንኳ፣ ቅርብ ነው፣ ለ100 ሴት ጨቅላ 116.5 ወንድ ይወለድ ነበር፤ የተረፈው ከየት እንደመጣ ታውቁታላችሁ። ካገቡም በኋላ "ቹልጋ ዌይን" ናቸው፣ ያገባች ልጅ የሌላ ቤት ሰው ናት። የወላጅ አልጋ አጠገብ የምትቀመጠው የትልቁ ልጅ ሚስት ነበረች፤ ምራቲቱ።

ዛሬ ታዲያ ያው አገር ምን ብሎ ይቀልዳል? ሁለት ሴት ያለው የወርቅ ሜዳሊያ፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ ያለው የብር፣ ሁለት ወንድ ያለው የእንጨት ሜዳሊያ ይላል። ገበያ ውስጥ አትክልት የሚሸጡ እናቶች ይህን ብለው ሲስቁ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ነው ወርቁ ምን እንደሆነ የተገለጠልኝ። ወርቁ ዳይፐር ነው።

ሕጉም ተለውጧል፣ ይመስገን። ከ1991 ጀምሮ ወንድና ሴት እኩል ይወርሳሉ። ሴትን በአባት፣ ከዚያም በባል ስም መዝገብ ሥር የሚያስቀምጠው "ሆጁ" የተባለው ሥርዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ቀረ። ልብ ብላችሁት እንደሁ አላውቅም፣ የእንክብካቤ መድኑም የጀመረው በዚያው ዓመት ጁላይ ነው። በጃንዋሪ ሴት ልጅ የወላጆቿ ቤት ሙሉ ሰው ናት ተባለች፤ በጁላይ አልጋው አጠገብ መቀመጫ ተዘጋጀላት። ምራት ሥራ ወጣች፣ የራሷም እናት አለቻት፣ እሷን አልወቅስም። ቦታው ሲለቀቅ የሞላችው ልጅ ናት፤ በተለይ ያላገባችው። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን ያዘሽ ነው ነገሩ። እናቶቹም ራሳቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ወንድ ስጠኝ ብለው የጸለዩት፣ ሲደክሙ ገላቸውን የሚያሳዩት ለሴት ልጃቸው ብቻ ነው። ሃልሞኒ ቤቱን ድሮ በጤናቸው ዘመን ለወንዱ አዙረውታል። ይህን ሳውቅ ተናድጄ "ኦኒ፣ አንቺ እኮ የወንድምሽ ተከራይ ነሽ!" ብያት ነበር። "አንቺ ደግሞ የእኔ" አለችኝ።

ለብቻ የሚወድቅ የማስታመም ሸክም እዚህ አገር "ዶክባክ" ይባላል። ከካርታ ጨዋታ የመጣ ቃል ነው፤ የሁሉንም ኪሳራ አንዱ ብቻውን ሲከፍል ዶክባክ ያዘው ይባላል።

ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። በየወሩ 300,000 ዎን ይልካል። በቹሶክ በዓል እያንዳንዱ በነጭ መረብ የተጠቀለለ ትልልቅ ፒር የሚባል ፍሬ ካርቶን ሙሉ ይዞ ይመጣል፣ እናቱ እጁን ይዘው ያለቅሳሉ፣ እሱንማ ያውቁታል። ሲሄድ በሩ ላይ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" ይላታል፣ ከልቡ ነው።

ይህን የማውቀው እኔም ስለምለው ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ታናሽ እህቴ የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ እሷ ጋ ከገባች አራተኛ ዓመቷ ነው። እኔ ገንዘብ እልካለሁ። እሁድ እሁድ እደውላለሁ፤ እህቴ ስልኩን የእናቴ ጆሮ ላይ ይዛ ትቆማለች፣ እጇ ሲዝል ስልኩን ስታዛውረው ይሰማኛል። "አንቺ ባትኖሪ" እላታለሁ። ባለፈው ፋሲካ መልስ አልሰጠችኝም፣ ዝም ብላ ቆየችና "ዶሮው ተወደደ" አለች። የሴኡሉን ሰውዬ ስጽፍ ብዙ ያልጨከንኩት ለዚህ ነው።

እህቴን አንድም ደቂቃ የሚቆጥርላት መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ 60 ደቂቃችሁን የምነቅፈው ዜሮ ከሚቆጠርበት አገር መጥቼ ነው፤ "ምን አገባሽ" ብትሉኝ አይፈረድባችሁም። ግን ከእኛ አገር ይዤ የመጣሁት አንድ ነገር አለ፣ ቃል ነው። በአማርኛ ያረጀ ወላጅን መደገፍ መጦር ይባላል። የሚጦረው ልጅ ጧሪ ነው፤ "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ" ብለን እንመራረቃለን። ሰው ሠርቶ ሲያረጅ መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ ጡረታ ይባላል፤ ከዚያው ግንድ የበቀለ ቃል ነው። በእናንተ ቤት ሁለቱ አይተዋወቁም። አንዱ ፎቅ ላይ የመጦር ሥራ አለ፣ ሌላው ፎቅ ላይ ጡረታ አለ፣ ኦኒ ደረጃው ላይ ቀርታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሪያ አንድ ሠራተኛ በወር ከ60 ሰዓት በታች ከሠራች ቀጣሪዋ የብሔራዊ ጡረታ መዋጮዋን ግማሽ ሸፍኖ እንዲያስመዘግባት አይገደድም። በቀን 60 ደቂቃ በ20 ቀን ሲባዛ 20 ሰዓት ነው። ኦኒ ከቁጥር ውጪ ናት። እንደ ባዕድ ሴት በቀን 3 ሰዓት ቢቆጠርላት ኖሮስ? 3 በ20፣ ልክ 60 ሰዓት። ገንዘቡን ተዉት፤ ያቺ የተከለከለችው ሁለት ሰዓት የእርጅናዋን መግቢያ በር ነው የዘጋችባት። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ይህን ለእኔ ያሰላችልኝ ራሷ ናት፣ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ። ዘጠኝ ዓመት መዋጮ የሌለበት ባዶ መስመር አላት፤ መዋጮውን ራሷ ከኪሷ እንዳትከፍል ኪሷን ዳይፐሩ ይዞታል፣ እሱን መድኑ አይሸፍነውም።

ጡረታው ላይ ሳይሠሩ ዓመት የምትቆጥሩላቸው ሰዎች እንዳሉ ደግሞ አውቄያለሁ። ልጅ ለወለደ ትቆጥራላችሁ። ወታደር ቤት ለቆየ ትቆጥራላችሁ። ሥራ ላጣም ትቆጥራላችሁ። መልካም ነው፣ ይቆጠርላቸው። እናቱን ለሚጦር ግን የለም። መድኑን ስታቋቁሙ አርአያ ካደረጋችኋቸው አንዷ ጀርመን ናት፤ እዚያ ከ1995 ጀምሮ የእንክብካቤ መድኑ ራሱ ቤተሰቡን ለሚያስታምም ሰው የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። ስትቀዱ ይህን ገጽ ዘለላችሁት። ኦኒ ልጅ የላትም። ጧሪ የላትም። ነገ ያቺን ሞቃት ወለል ላይ ማን ይንበረከክላታል ብዬ የማስበው እኔ ብቻ አልመሰለኝም፤ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች "እኔን እንኳ ሮቦት ይዘዝልኝ" ብላለች።

ቁጥሩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዲሴምበር 2024 ከኮሪያ ሕዝብ 20 በመቶው፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነ። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ አማካይ 0.72 ነበር። የ60 ዓመት ልጅ የ90 ዓመት እናት የምታዝልበት ዘመን ገብቷል፣ እናንተም "ኖኖ ኬር" ብላችሁ ስም አውጥታችሁለታል፣ አሮጌ ለአሮጌ። ከማርች 27 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት የታወጀው የተቀናጀ እንክብካቤ ሕጋችሁ ደግሞ አረጋውያን በኖሩበት ቤትና ሰፈር እንዲቆዩ ይላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ሃልሞኒም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ግን "በቤታቸው" ስትሉ ቤቱ ውስጥ ማን አለ? ግድግዳው አይደለም ገላቸውን የሚያጥበው። ከሌላ አገር ሠራተኛ በርካሽ ይምጣ የሚል ሐሳብም ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ እኔም የውጭ አገር ሰው ነኝና ስለ "ርካሽ" የምለው ብዙ አለኝ፣ ለሌላ ቀን ይደር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለልጅ የሚቆጠረው ሰዓት ለባዕድ ከሚቆጠረው ጋር ይስተካከል። ይህ ዛሬ ካልተቻለ ቢያንስ የማስታመሙ ዘመን በጡረታዋ ላይ ይጻፍላት፤ ሌባውን መያዝ የእናንተ ሥራ ነው፣ ወረቀቱም ግድግዳው ላይ ያለውም ነገር በእጃችሁ ነው። ደግሞ ኦኒ ራሷ፣ "አንቺ ብትጽፊ ምን ትያለሽ?" ስላት፣ ያለችኝ ሌላ ነው። ገንዘብ አላለችም። "በወር ሁለት ሌሊት" አለች። በወር ሁለት ሌሊት ሁልጊዜ ያችው አንዲት ሴት ትምጣልኝ፤ እማዬ ፊቷን እስክትለምዳት ድረስ። በየጊዜው አዲስ ሰው ከሆነ መታጠቢያ ቤቱ ይቆለፋል። በሩ ላይ የድመት ቃጭል አስራለች፣ እናቷ ሌሊት ሲወጡ እንድትነቃ፤ ያቺን ቃጭል ሳትሰማ ሁለት ሌሊት መተኛት ነው የፈለገችው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ እሱም ወጪ የለውም። ሃልሞኒ የመጀመሪያ ጊዜ ሊመዘኑ ቀን የተቆረጠ ዕለት እኔም ነበርኩ። መዛኟ ወጣት፣ ጨዋ፣ ትሑት ልጅ ነች፣ ምንም አላጠፋችም። ከዚያ በፊት ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ በድጋፍ የሚነሱት ሃልሞኒ ሮዝ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ቀብተው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው በር ከፈቱላት። እንግዳ ነዋ! ገብስ ሻይ ራሳቸው ካልቀዳሁ አሉ። ነጥብ የሚሰጥባቸው 52 ጥያቄዎች አሉ፤ ልብስ መልበስ ይችላሉ? እችላለሁ። ፊት መታጠብ? ምነው፣ ሕፃን ነኝ እንዴ! ዛሬ ስንት ቀን ነው? "አንቺ ወጣቷ ካላወቅሽ እኔ አሮጊቷ ምን ልወቅ" ብለው አሳቋት። ኦኒ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ትማጸናለች፤ እናቷ ፊት "አይ፣ አይችሉም፣ ይሸናሉ" ብላ እንዴት ትናገር? ልጅ ናት። 60 ነጥብ ቢደርሱ 3ኛ ደረጃ ያገኙ ነበር፤ 4ኛ ሆኑ። መዛኟ ከግቢ ሳትወጣ ሃልሞኒ ሹራባቸው ላይ ለቀቁት።

ደረጃው የሚታደስበት ጊዜ በዚህ መኸር ነው። ሮዝ ሹራቡ ታጥቦ ተሰቅሏል። ሃልሞኒ የልጃቸውን ማንነት ቢረሱም እንግዳ መቀበል አይረሱምና ዘንድሮም በር የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። የምትልኩት ሰው ሻዩን ይጠጣ፣ ይሳቅ፣ 52ቱን ይጠይቅ። ሲወጣ ግን ጫማ ማድረጊያው ጋ ኦኒን ለብቻዋ ነጠል አድርጎ አንድ ጊዜ ይጠይቃት። አምስት ደቂቃ ይበቃታል። እሷንም ከ60ው ላይ አትቀንሱባት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከእነሱ ላይኛው ክፍል የምትኖረው ኢትዮጵያዊት
ቹንቾን